የጓሮ ኩሬ ግድብን ከዛፍና ከቁጥቋጦ የማጽዳት አገልግሎት፦ ከሱሉልታ የቀረበ ግምገማ

በሱሉልታና በአካባቢዋ በጓሮው ኩሬ ያለው ሰው፣ ክረምቱ ባለፈ ቁጥር ግድቡ ላይ የበቀለውን ማን እንደሚያጸዳለት ማሰቡ አይቀርም። ለዚህ ሥራ የሚመጡት ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዶቹ ማጭድና ገጀራ ይዘው ይመጣሉ፤ የበቀለውን ሁሉ ከመሬት እኩል ይቆርጡና የቀን ሒሳባቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ። ሌሎቹ ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ጉቶ መንቀልን፣ ጉድጓዱን በሸክላ አፈር ሞልቶ መጠቅጠቅንና ሣር መትከልን አንድ ላይ የሚሠሩ፣ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። ይህ ግምገማ የእነዚህን የኋለኞቹን አገልግሎት ይመለከታል። የማኅበሩን ስም አልጠቀስሁም፤ ሥራቸው ከጥቂት ቀበሌዎች የማያልፍ ስለሆነ ከሌላ አቅጣጫ ለሚኖር አንባቢ የሚበጀው በየአካባቢው የሚያገኛቸውን ሠራተኞች በምን እንደሚመዝን ማወቁ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። አገልግሎቱ ለሚከፈልበት ገንዘብ የሚገባ ነው፤ እንዲህ የምለውም ዛፍ በመቁረጣቸው ሳይሆን ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ በሚቀረው ጉቶና ጉድጓድ ላይ በሚያደርጉት ጥንቃቄ ነው። ግድብ ማጽዳት በአትክልተኛ ዓይን ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ በእርግጥ ግን የአፈር ሥራ ነው፤ የአፈር ሥራ የማያውቅ ሰው ያጸዳው ግድብ ካልጸዳው ይልቅ የሚያሰጋበት ጊዜም አለ።

የእኛ ኩሬ ከጣሪያ የሚወርደውንና ከበላዩ ካለው መስክ የሚመጣውን የዝናብ ውኃ ያጠራቅማል። ለጎመንና ለድንች መስኖ፣ ለላሞች መጠጥ፣ ለጥቂት ዓሣም ያገለግላል። የግድቡ ከፍታ ከሁለት ሜትር ተኩል አይበልጥም። ግድቡን ያሠሩት የቀድሞው የቦታው ባለቤት በታችኛው ተዳፋት ላይ ባሕር ዛፍ በረድፍ ተክለው ነበር፤ ከዛፎቹ መካከል ደግሞ ወፍ የዘራው ቀጋና ግራዋ በዝቶበት ቆይቷል። «ዛፍ አፈር ይይዛል» የሚለው እምነት በአካባቢው የጸና በመሆኑ በሌሎች ጓሮዎችም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። አባባሉ ለገደላማ መሬትና ለእርሻ ዳር እውነት ነው። ግድብ ግን አፈሩ ባለበት ከመቆየቱ በተጨማሪ ውኃ ማገድ ይጠበቅበታል፤ ለዚህ ደግሞ ዛፍ ጠላቱ ነው።

የዛፍ ሥር በሕይወት እስካለ ድረስ አፈሩን እየገፋ፣ እርጥበትን እየተከተለ ወደ ግድቡ ሆድ ይዘልቃል። ዛፉ ሲቆረጥ ወይም ሲደርቅ ሥሩ ቀስ በቀስ ይበሰብስና በቦታው ባዶ ቀዳዳ ይተዋል። ውኃው ከኩሬው በኩል ወደዚያ ቀዳዳ ከደረሰ አፈሩን እየጠረገ፣ ቀዳዳውን እያሰፋ በታች በኩል ይወጣል። የአፈር ግድቦች ከሚፈርሱባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ ከውስጥ የሚጀምር መሸርሸር ነው፤ ከውጭ ለሚያየው ሰው ግድቡ ደኅና መስሎ ስለሚቆይ በአናቱ ላይ ከሚያልፍ ጎርፍ ይበልጥ ያዘናጋል። ነፋስ ዛፉን ከነሥሩ የገነደሰው እንደሆነ ደግሞ ከግድቡ ላይ ብዙ አፈር ተገምሶ አብሮ ይነሣል። ጥላውም የራሱ ጉዳት አለው፤ ከዛፉ ሥር ሣር በደንብ ስለማይበቅል አፈሩ ለሐምሌ ዝናብ ራቁቱን ይጋለጣል፤ የረገፈው ቅጠልና ቁጥቋጦው ደግሞ የስርገትን (ከግድቡ ውስጥ ሾልኮ የሚወጣውን ውኃ) ምልክትና የእንስሳትን ጉድጓድ ከዓይን ይሰውራል። የአሜሪካ የፌዴራል የአደጋ ጊዜ አስተዳደር መሥሪያ ቤት፣ በአጭሩ ፌማ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ለግድብ ባለቤቶች ያወጣው የዕፅዋት መመሪያም ዛፍና እንጨታማ ቁጥቋጦ በአፈር ግድብ ላይ ሊኖር እንደማይገባ፣ ተስማሚው ሽፋን በየጊዜው የሚታጨድ ሣር እንደሆነ ይመክራል። ወጣቶቹ መመሪያውን አንብበውት እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ የሠሩት ሥራ ግን ከዚህ ምክር ጋር የተስማማ ነበር።

መጀመሪያ የመጡት ግድቡን ለማየት ብቻ ነበር፤ ገጀራም ሆነ ዶማ አልያዙም። የቡድኑ መሪ በአናቱ ላይ አልቆመም፤ ቀጥታ ወደ ግርጌው ወርዶ አፈሩን በእግሩ እየረገጠ ከዳር እስከ ዳር ሄደና በአንድ ቦታ ላይ የበቀለውን ቄጤማ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይህ ቄጤማ በበጋም እንዲህ ይለመልማል?» ሲል ጠየቀኝ። በእኔ ግምት ከአገልግሎቱ ሁሉ ትልቅ ዋጋ ያለው ይህ ጥያቄ ነበር። ዙሪያው ሣር ሁሉ በየካቲት ፀሐይ ደርቆ ሳለ ከግድቡ ግርጌ አንድ ቦታ ብቻ ውኃ ወዳድ ዕፅዋት አረንጓዴ ሆነው ከታዩ፣ ከግድቡ ውስጥ የሚወጣ ስርገት እየመገባቸው ሊሆን ይችላል። በአፈር ግድብ ላይ ጥቂት ስርገት መኖሩ ብቻውን አያስደነግጥም፤ የሚያሳስበው መጠኑ ሲጨምርና ውኃው ሲደፈርስ ነው። መሪው የወጣውን ውኃ በነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ እንዲጠል ተወው፤ ከታች ደለል ስላልተኛበትም ለጊዜው አፈር እየወሰደ እንዳልሆነ ነገረኝ። ቦታውን በካስማ ምልክት አድርጎ፣ ኩሬው ሲሞላ በየሳምንቱ እንደዚሁ ቀድቼ እንዳይ አሳሰበኝ። ሠራተኛ የሚመርጥ ሰው ይህን ያስተውል፤ ግርጌውን ሳያይ ዋጋ የሚናገር ሰው የመጣው ለማገዶው ሊሆን ይችላል።

ዛፎቹን በሁለት ከፈሏቸው። ውፍረታቸው ከአሥር ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑትን ቀጭን ችግኞችና ቁጥቋጦዎች ከመሬት እኩል ቆረጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑትን ግን ከነጉቷቸውና ከዋና ዋና ሥሮቻቸው ጋር ለመንቀል ወሰኑ። ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ማቆጥቆጡ በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ ከገባ ጀምሮ ለአዲስ አበባ ማገዶና ለቤት ሥራ እንጨት የማይነጥፍ ምንጭ አድርጎታል። በግድብ ላይ ግን ይኸው ጠባዩ ችግር ነው። ቀደም ሲል በቀን ክፍያ የመጣ ሌላ ቡድን ዛፎቹን በመጋዝ ብቻ ቆርጦ ሄዶ ነበር፤ ክረምቱ ሲያልፍ ከእያንዳንዱ ጉቶ ዙሪያ ብዙ ቅርንጫፍ አቆጥቁጦ ከበፊቱ የጠነከረ ጥላ ሆነ። ተቆርጦ እንዲያቆጠቁጥ የሚተው ዛፍ ሥሩን ማስፋቱን አያቆምም፤ ስለዚህ የዚያ ዓይነቱ ማጽዳት ገንዘቡን ከማባከኑ በላይ ችግሩን ያስረጃል።

ጉቶ የሚነቀለው ውኃው ሲጎድል ነው። ወጣቶቹ ኩሬው እንደሞላ መቆፈር አንችልም ብለው እስከ መጋቢት እንድንጠብቅ ነገሩን፤ የቀረውንም ውኃ በጎማ ወደ ጎመኑ መደብ ቀስ በቀስ አወረዱት። ቀስ በቀስ የተባለበት ምክንያት አለው። በውኃው በኩል ያለው ተዳፋት ለብዙ ወራት ውኃ ጠጥቶ የከበደ ስለሆነ፣ ውኃው በአንድ ጊዜ ቢወርድ ደግፎት የነበረው ጫና ይነሣበትና አፈሩ ሊንሸራተት ይችላል። ቸኩዬ ብጠይቃቸውም ከዚህ አሠራር አልወጡም፤ ይህን በማድረጋቸው አከብራቸዋለሁ። ከግርጌው ጥግ የነበረውን አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ደግሞ ጨርሶ አልነኩትም። ሥሩ ወደ ግድቡ ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ሳይታወቅ መንቀል ለእነርሱ ከባድ እንደሆነ፣ ስርገቱም በአቅራቢያው ስላለ የውኃ መሐንዲስ ሊያየው እንደሚገባ ገለጹልኝ። ሥራ የሚፈልግ ሰው «ይህ ከአቅሜ በላይ ነው» ሲል መስማት ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነገር ነው።

ጉድጓዱን የሞሉበት መንገድ የሥራው እምብርት በመሆኑ በዝርዝር ልጻፈው። ጉቶው ከወጣ በኋላ የቀሩትን ሥሮች እየተከተሉ አወጡ፤ የጉድጓዱንም ግድግዳ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አልተዉትም፤ አዲሱ አፈር በደንብ እንዲጋጠም ወደ ውጭ እንዲጋደም አድርገው ቆረጡት። የደረቀውንና የላላውን አፈር ጠርገው የጉድጓዱን ፊት በዶማ ቧጨሩት፤ ለስላሳ ፊት ላይ የተደፋ አፈር ከአሮጌው ጋር አይያያዝምና በመጋጠሚያው ውኃ ማለፊያ ያገኛል። የሸክላ አፈሩን ከግቢው ሌላ ጥግ ቆፍረው በባሬላ አመጡ፤ ውስጡ የነበረውን ሣር፣ ሥርና ድንጋይ ለቀሙ። ከዚያ በአሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ንብርብር እየደፉ፣ እያንዳንዱን ንብርብር በእንጨት መጠቅጠቂያ ደጋግመው እየመቱ ሞሉ። የአፈሩን እርጥበት የሚለኩት በእጃቸው ነበር፦ ተጨብጦ ሲለቀቅ ቅርጹን ከያዘ ጥሩ፣ ከተበተነ ደረቅ፣ በጣት መካከል ውኃ ካወጣ ደግሞ የራሰ ነው። ደረቅ ሸክላ የቱንም ያህል ቢመታ በጓሎቹ መካከል አየር ይቀራል፤ የራሰው ደግሞ ከመጠቅጠቂያው ሥር እየሸሸ ቦታ ይለውጣል እንጂ አይጨመቅም። በመጨረሻ አፈሩ ቆይቶ ስለሚሰምጥ ከዙሪያው ትንሽ ከፍ አድርገው ተዉት።

የሱሉልታ አፈር ለዚህ ሥራ ሁለት ጠባይ አለው። ጥቁሩ መረሬ ሲርስ ያብጣል፣ ውኃም አያሳልፍም፤ በበጋ ግን ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁም እጅ የሚያስገባ ይሆናል። ዛፍ ከግድቡ ውስጥ እርጥበቱን ስለሚመጥጥ ስንጥቁን ያባብሰዋል። ወጣቶቹ በተቻለ መጠን ቀይ ሸክላ እየቀላቀሉ መሙላታቸው፣ ከላይም ወዲያው የታጨደ ገለባ ማልበሳቸው ትክክል ነበር። ስንጥቁን የሚቀንሰው ዋናው ነገር ግን ጥቅጥቅ ያለ የሣር ሽፋን ነው።

በሣር ምርጫ ላይ እኔና እነርሱ በመጀመሪያ አልተስማማንም። ቬቲቨር የሚባለው ሥረ ጥልቅ ሣር በኢሉባቦር የእርሻ ማሳዎች ላይ ለአፈር ጥበቃ የሰጠውን ጥቅም ስለማውቅ እርሱን እንዲተክሉ ፈልጌ ነበር። መሪው ግን የሱሉልታ ከፍታ ከ2,500 ሜትር በላይ በመሆኑ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ቬቲቨሩን እንደሚያቀጭጨው፣ ከዚህም ሌላ በቁጥቋጥ የሚበቅል ሣር በመካከሉ ባዶ አፈር እንደሚተው፣ ሥሩም ከሁለት ሜትር በላይ ስለሚጠልቅ ለዝቅተኛ ግድብ እንደማይመርጠው አስረዳኝ። ሐሳቡን ተቀበልሁት። በመጨረሻ የተስማማነው መሬት ላይ እየተሳበ ሥር በሚሰድ፣ ምንጣፍ በሚሠራ ሣር ነው፤ ከመስኩ የሰርዶና የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ የሆነው የኪኩዩ ሣር ቁርጥራጭ ተወስዶ በሰኔ መጀመሪያ በጣት ስፋት ጥልቀት ተተከለ። ሰንበሌጥና ዝሆኔ ሣር ለከብት መኖ ጥሩ ቢሆኑም ረጅምና ቁጥቋጣም በመሆናቸው ለግድብ አይሆኑም። ቬቲቨሩን መትከል የሚፈልግ ሰው ከኩሬው በላይ፣ ጎርፉ በሚገባበት በኩል፣ ደለል እንዲይዝለት በመስመር ቢተክለው ይሻላል።

የሱሉልታ ሜዳ ድርቆሽ ለአዲስ አበባ ወተት አምራቾች የሚሸጥ መሆኑን ለሚያውቅ የአካባቢው ሰው ግድቡን ማጨድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። የመጀመሪያው አጨዳ በጥቅምት፣ ሌሎች ድርቆሽ በሚያጭዱበት ጊዜ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከበልግ ዝናብ በኋላ ነው። ሣሩ ከመሬት ጋር እስኪላጭ መታጨድ የለበትም፤ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ቢቀር አፈሩን ይሸፍናል፣ ጉድጓድና እርጥብ ቦታም በቀላሉ ይታያል። ላሞችን በግድቡ ላይ ማሰማራትን ወጣቶቹ አጥብቀው ይቃወማሉ፤ በእርጥብ ወቅት ኮቴያቸው የሚተወው ጉድጓድ ውኃ ያቁራል፣ በአንድ መንገድ ሲመላለሱም የሠሩት ዱካ በዝናብ ወደ ቦይነት ይለወጣል። አጭዶ መመገብ ይሻላል።

በውኃው በኩል የሠሩት ሥራ አጭር ነበር። ረጃጅሙን ፊላ ከውኃው ወለል በታች በማጭድ ቆረጡት። ግንዱ ከውኃ በላይ ካልወጣ በጭቃው ውስጥ ላለው ሥር አየር አይደርሰውምና በዚያው ይዳከማል። በውኃው ጠርዝ ላይ ካለው ቄጤማ ግን ጠባብ መስመር ተዉልን፤ ነፋስ የሚያነሣው ማዕበል አፈሩን እንዳይልስ ይከላከላል። ለእንቁጣጣሽም ሆነ ለቡና ቄጤማ የሚሹ ጎረቤቶች ሲመጡ ከዚያው ያጭዳሉ፤ ይህም ቁመቱን ይቀንስልናል። ትርፍ ውኃ የሚወጣበትን ማስተንፈሻም ከቁጥቋጦ አጽድተው ሣር ብቻ አስቀሩበት፤ እዚያ አንድ ቅርንጫፍ ቢጋደም ቆሻሻ ሰብስቦ ውኃውን በግድቡ አናት ላይ ሊያስኬደው ይችላል።

ቁጥቋጦው ሲነሣ የፍልፈል የአፈር ቁልል በታችኛው ተዳፋት ላይ ተገለጠ። ፍልፈል በደጋ አገር በየማሳው ያለ፣ ሥር እየበላ ከመሬት በታች የሚኖር በመሆኑ በግድብ ላይ የቆፈረው ዋሻ ለውኃ የተዘጋጀ መንገድ ነው። ዋሻዎቹን እስከ ጫፋቸው ከፍተው፣ ቀጭን ጭቃ አፍስሰው፣ ከላይ በሸክላ ጠቀጠቁ። ይህን ሥራ አስቀድመን አልተዋዋልንበትም ነበር፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሠሩት።

ስለ ጸረ-አረም ኬሚካል የያዙትም አቋም ምስጋና ይገባዋል። ግላይፎሴት በግድቡ ላይ እንዲረጩ ብጠይቃቸው እምቢ አሉ። ለእርሻ ከሚሸጡት ዝግጅቶች መካከል በውስጣቸው ያለው ማጣበቂያ ሳሙና ለዓሣና ለእንቁራሪት የሚጎዳ አለ፤ በተዳፋት ላይ የተረጨ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር ወደ ኩሬው ወይም ወደ ታችኛው ጎረቤት ቦይ ይወርዳል። ከዚህም ሌላ ርጭቱ ሣሩንም አብሮ ይገድላል። ያለ ኬሚካል ማቆጥቆጡን ለማያቆም ትንሽ ጉቶ ብቻ፣ ገና እንደተቆረጠ በብሩሽ ቆረጣው ላይ መቀባትን ፈቀዱ፤ እኛ እርሱንም ሳንጠቀም ቡቃያውን በእጅ እየነጠቅን ቆይተናል።

ጉድለቶቹንም መጻፍ ግዴታዬ ነው። ቀጠሮ አያከብሩም፤ ሌላ ቦታ የጀመሩትን ሳይጨርሱ ወደ እኛ መጥተው ሥራው መካከል ላይ ሄደው ነበር፤ ሁለት ጉድጓዶችም ተከፍተው ሳሉ ያልተጠበቀ የበልግ ዝናብ መጣ። ጉድጓዶቹን በላስቲክ የሸፈንነው እኛ ነን። የተከፈተ ጉድጓድ በግድብ ላይ ማደር እንደሌለበት ራሳቸው ስለሚያውቁት ይህን ቀላል ጥፋት ልለው አልችልም። የተቆረጠውንም ቅርንጫፍ በማስተንፈሻው አፍ ላይ ከምረውት ነበር፤ ስንነግራቸው አነሡት። የተተከለው ሣር በአንድ በኩል ጥሩ አልያዘም፤ የመትከያው ጊዜ ከዝናቡ ቀድሞ ስለነበር ውኃ ማጠጣት ያስፈልገው ነበር፤ ይህን የማድረግ ኃላፊነት የማን እንደሆነ በውሉ አልተጻፈም። አገልግሎቱን የሚወስድ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስጽፍ።

ክፍያው በሁለት መንገድ ይሰላል፦ አጨዳና ቁጥቋጦ ማጽዳት በካሬ ሜትር፣ ጉቶ መንቀልና መሙላት ደግሞ በጉቶው ውፍረት። የሸክላ አፈር ከውጭ የሚገዛ ከሆነ ማመላለሻው ለብቻው ነው። የእንጨቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው መነጋገር ያሻል፤ እኛ ግንዱን ለእነርሱ ትተን ከጉቶው ዋጋ አስቀንሰናል። ከቀን ሠራተኛ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው፤ ግድቡ ላይ ሣርና ለጋ ቁጥቋጦ ብቻ ላለበት ሰው ይህን ያህል ማውጣት አያስፈልገውም፤ አንድ ጥሩ አጫጅ ይበቃዋል። የዛፍ ጉቶ፣ የፍልፈል ዋሻ ወይም በበጋ የሚለመልም እርጥብ ቦታ ያለበት ሰው ግን እነዚህን የመሰሉ ሠራተኞች ፈልጎ በጥር ወር ያነጋግር። ውኃውን ለማጉደል፣ በመጋቢት ለመንቀልና ለመጠቅጠቅ፣ በሰኔ ሣር ለመትከል የሚበቃ ጊዜ የሚገኘው ያን ጊዜ ከተጀመረ ነው፤ በግንቦት የሚጠሯቸው ሰዎች ወረፋ እየጠበቁ ክረምት ይገባባቸዋል።